ፊፍ፦ ተሰጥቶም ከሰጪው እጅ የማይወጣ መሬት

«ፊውዳል» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የገባው በክስ መልክ ነው። በአብዮቱ ዘመን አንድን ሰው «ፊውዳል» ማለት ጨቋኝ፣ የሰው ላብ በላ ማለት ነበር። «መሬት ላራሹ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ ቃሉ ሲጠራ ፊቱ ድቅን የሚሉት ባለመሬትና ጭሰኛ ናቸው። ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ቃሉ የወጣበት ነገር ምን እንደነበር ብዙም ሳይነገረን ቀረ። «ፊውዳል» የመጣው ከላቲኑ «ፌውዱም» ነው። ፈረንሳዮችም እንግሊዞችም «ፊፍ» ይሉታል። ዛሬ ላብራራው የፈለግሁት እሱን ነው። ፊፍ በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይ በፈረንሳይና በእንግሊዝ፣ እንዴት ይሠራ ነበር? ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው ፊፍን «ንጉሥ ለመኳንንቱ የሚሰጠው መሬት» ብሎ ያልፈዋል። ግማሹ ልክ ነው፤ መሬቱ አለ። ነገር ግን ተቀባዩ የመሬቱ ሙሉ ባለቤት አይሆንም። ሰጪውም ሰጥቶ እጁን አያወጣም። ሁለቱም በአንዱ መሬት ላይ መብት አላቸው። ሁለቱም በዚያው መሬት ምክንያት ግዴታ አለባቸው። ፊፍን ፊፍ ያደረገው ከአፈሩ ይልቅ ውሉ ነው። ይህን ነጥብ ከያዝን ሌላው ቀላል ነው።

የደመወዝ ጣጣ

በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ፈረንሳይ የምንለውን አገር ይገዙ የነበሩት የፍራንኮች መሪ ቻርልስ ማርቴል ተዋጊዎች ያስፈልጉት ነበር። ተዋጊ፣ በተለይ ፈረሰኛ፣ ውድ ነው። ፈረሱ፣ ጥሩሩ፣ ሰይፉ፣ ፈረሱን የሚጠብቀው ልጅ፣ ሁሉም ወጪ ነው። ገንዘብ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ሳንቲም ጥቂት ነው። በየአገሩ ዞሮ ግብር በጥሬ ገንዘብ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤትም የለም። የነበረው ሀብት መሬትና መሬቱን የሚያርሰው ሰው ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሰፋፊ መሬት እየወሰደ ለተዋጊዎቹ አደለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከዚህ ብላ፣ ስጠራህ ግን ታጥቀህ ና።

ያኔ ስሙ «ቤኔፊኪዩም» ነበር፤ ውለታ እንደማለት። የሚቆየውም በዕድሜ ልክ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሲሞት መሬቱ ይመለሳል። ሰጪው ሲሞትም ውሉ እንደገና መታደስ አለበት። እኛ አገር «ማደሪያ» ይባል የነበረውን የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ወታደሩ ወይም ሹሙ በደመወዝ ፋንታ መሬት ይሰጠዋል። አገልግሎቱ ሲያበቃ መሬቱም ይሄዳል።

ግን ሠላሳ ዓመት የኖረበትን መሬት፣ ልጆቹ የተወለዱበትን ቤት፣ ዝም ብሎ የሚመልስ ማን ነው? ልጁም አድጎ ፈረስ መጋለብ ችሏል። አባቱ ሲሞት «እኔ አለሁ» ይላል። ጌታውም አዲስ ሰው ፍለጋ ከሚንከራተት ልጁን ቢቀበል ይቀለዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማዱ መብት ሆነ። በ877 ቻርልስ ራሰ በራው የሚባለው ንጉሥ ወደ ጣሊያን ሊዘምት ሲነሳ ኪዬርዚ ላይ ድንጋጌ አወጣ። እሱ በሌለበት ጊዜ ካውንት፣ ማለትም የአውራጃ ገዢ፣ ቢሞት ሹመቱ ለልጁ እንዲጠበቅ አደረገ። በ1037 ደግሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ኮንራድ 2ኛ ሚላንን ከቦ ሳለ ለሰሜን ጣሊያን ትንንሽ ባለፊፎች ሁለት ነገር አረጋገጠላቸው። መሬታቸውን ለልጆቻቸው ማውረስ ይችላሉ። ያለ እኩዮቻቸው ፍርድም አይነጠቁም። ማደሪያው ወደ ርስተ ጉልትነት ተለወጠ ብንል ለእኛ ጆሮ ይቀርባል።

«የእገሌ ሰው»

ውሉ እንዴት እንደሚታሰር በደንብ የምናውቀው በ1127 በብሩዥ፣ በዛሬዋ ቤልጅየም ባለች ከተማ፣ ከተፈጸመ ነገር ነው። በዚያ ዓመት የፍላንደርስ ካውንት ቻርልስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጸልይ ተገደለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዊልያም ክሊቶ የሚባል አዲስ ካውንት መጣ። ጌታ ሲለወጥ የድሮው ካውንት ሰዎች ሁሉ ውላቸውን ከአዲሱ ጋር ማሰር ነበረባቸው። ጋልበርት የሚባል የከተማው ጸሐፊ ያየውን ሁሉ መዝግቦ አቆይቶልናል።

ካውንቱ «ሙሉ በሙሉ የኔ ሰው መሆን ትወዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው «እወዳለሁ» ይላል። ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ይዘረጋል፤ ካውንቱ በሁለት መዳፎቹ መካከል ይይዛቸዋል። ይሳሳማሉ። ቀጥሎ ሰውየው ታማኝነቱን በቃሉ ይሰጣል። ከዚያ በቅዱሳን አጽም ላይ ይምላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ካውንቱ በእጁ በያዘው በትር ፊፉን ያስረክበዋል።

የመጀመሪያው ክፍል በፈረንሳይኛ «ኦማዥ» ይባላል። ቃሉ የወጣው «ኦም» ከሚለው፣ ማለትም «ሰው» ከሚለው ነው። የአንድ ጌታ «ሰው» መሆን ማለት ነው። እኛም «የእገሌ ሰው ነው» ስንል ያው ነው። መሬት ተቀባዩ «ቫሳል» ይባላል። «ሎሌ» ብለን እንዳንተረጉመው ቃሉ አይመጥነውም። ቫሳል መስፍን ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ እንደምናየው ንጉሥም ሊሆን ይችላል።

የሥርዓቱ ቅደም ተከተል በራሱ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ሰው ከሰው ጋር ይተሳሰራል። መሬቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ ቦታ በበትር ፋንታ ጓንት፣ ባንዲራ ወይም ጓል አፈር ይሰጥ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በሆነበት ዘመን ውሉን የሚያጸናው በዓይኑ ያየ ምስክር ነው። የዛሬው የይዞታ ካርታ ያኔ ያች ጓል አፈር ነበረች።

ቫሳሉ ምን ቃል እንደገባ ግን ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም። በ1020 ገደማ የአኪቴን መስፍን ዊልያም ይህንኑ ጉዳይ የሻርትሩን ጳጳስ ፉልበርትን ጠየቀው። ፉልበርት የመለሰለት ደብዳቤ ዛሬም አለ። ቫሳሉ በጌታው አካል ላይ ጉዳት አያደርስም። ምስጢሩንና ምሽጉን አሳልፎ አይሰጥም። ክብሩንና ንብረቱን አይነካም። ቀላል የነበረውን አያከብድበትም። የሚቻለውንም እንዳይቻል አያደርግበትም። ፉልበርት እዚህ ላይ አያቆምም። ከክፉ መራቅ ብቻ ፊፍ አያሰጥም፤ በጎም መሥራት፣ ማማከርና መርዳት ያስፈልጋል ይላል። ቀጥሎ እኔን በጣም የሚመስጠኝ ቃል ይመጣል። ጌታውም ለታማኙ ሰው በዚህ ሁሉ ነገር አጸፋውን መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ እምነተ ቢስ ይባላል። ግዴታው ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችም ይወርዳል።

ሒሳቡ

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት እንግሊዝን የመሰለ ምሳሌ የለም። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ከዚያ በኋላ በአገሩ ያለ መሬት ሁሉ በመጨረሻ የሚያዘው ከንጉሡ ነው ተባለ። በ1086 ባደረገው ታላቅ ቆጠራ ሲታይ ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዙት ትልልቅ መኳንንት 200 ገደማ ቢሆኑ ነው። እያንዳንዱ የሚያቀርበው ተዋጊ ቁጥር ተወስኖለታል። ጳጳሳትና ገዳማትም አልቀሩም። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ 60 ፈረሰኛ፣ የፒተርቦሮ ገዳምም 60 ፈረሰኛ ነበረባቸው።

60 ፈረሰኛ ከየት ይመጣል? ገዳሙ ከያዘው መሬት እየቆረሰ በተራው ለፈረሰኞች በፊፍ ይሰጣል። አንዱን ፈረሰኛ ከነትጥቁ የሚያኖር መሬት «የአንድ ናይት ፊፍ» ይባላል። ናይት ማለት ፈረሰኛው ነው። ከንጉሥ ወደ መኳንንት፣ ከመኳንንት ወደ ናይት፣ አንዳንዴም ከዚያ ወደ ታች፣ ሰንሰለቱ እንዲህ ይወርዳል። ዊልያም የዚህ ሰንሰለት አደጋ ገብቶታል። ፈረንሳይ ውስጥ «የኔ ሰው ሰው የኔ ሰው አይደለም» የሚል አባባል ነበር። መስፍኑ ቢያምፅ የመስፍኑ ሰዎች ተከትለውት ያምፃሉ ማለት ነው። ስለዚህ በ1086 በሳልስበሪ ዊልያም መሬት ያላቸውን ታላላቅ ሰዎች ሰብስቦ፣ የማንም ሰው ይሁኑ የማን፣ ለራሱ እንዲምሉ አደረጋቸው።

የተለመደው የዘመቻ ግዴታ በዓመት 40 ቀን ነበር። 40 ቀን ማለት 40 ቀን ነው። በ1226 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 8ኛ አቪኞንን ከቦ ሳለ የሻምፓኙ ካውንት ቲቦ 40 ቀኑን ቆጥሮ ጨረሰና ወደ አገሩ ተመለሰ። ንጉሡ በጣም ተቆጣ፤ ካውንቱ ግን ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ባይ ነው። ነገሥታቱ በዚህ ምክንያት ከሰውየው ይልቅ ገንዘቡን መፈለግ ጀመሩ። ቫሳሉ በዘመቻው ፋንታ «የጋሻ ገንዘብ» ይከፍላል፤ ንጉሡም በዚያ ብር የፈለገውን ያህል የሚቆይ ቅጥር ወታደር ያሰልፋል። መሬት የሌለበት ፊፍም ነበር። በ1101 የእንግሊዙ ሄንሪ 1ኛ ለፍላንደርሱ ካውንት ሮበርት በዓመት 500 ፓውንድ ሊከፍል ተዋዋለ። በምላሹ ካውንቱ 1000 ፈረሰኛ ያቀርብለታል። ድልድይ ላይ የሚሰበሰብ ቀረጥም ሆነ ወፍጮ ፊፍ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ ከጦር ጋር ምንም አይገናኝም። በእንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ፣ አንድ ሰው መሬት የያዘው ንጉሡ ባሕር ሲሻገር ቢያቅለሸልሸው ራሱን ደግፎ ሊይዝለት ነበር።

ለጌታው ከዘመቻው ይልቅ ጥቅም የሚያመጣው ግን የቫሳሉ ሞት ነበር። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

ወራሹ አድጎ ከሆነ መሬቱን ለመረከብ ክፍያ ይከፍላል። ክፍያው ስንት ነው? ጌታው ያለው ነው። ወራሹ ሕፃን ከሆነ ጌታው አሳዳጊው ይሆናል። ልጁ እስኪያድግ ድረስ የመሬቱን ገቢ ይበላል። ንጉሡ ይህን የአሳዳጊነት መብት ለፈለገው ሰው መሸጥም ይችላል። ወራሿ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ማንን እንደምታገባ የሚወስነው ጌታው ነው። ባሏ ፊፉን ስለሚይዝ፣ ጠላቱን እንዳታገባ ነው ይላል። ይህም መብት ይሸጣል። ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና እንዳትዳር ለንጉሥ ገንዘብ የምትከፍልበት ጊዜ ነበር። የልጅ ዕጣና የሴት ትዳር ገበያ ላይ የሚወጣ ዕቃ ሆነ።

በ1215 የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሥ ጆንን ያስቀበሉት ማግና ካርታ ዛሬ የነጻነት ሰነድ ተብሎ ይወደሳል። ገልጠን ስናነበው ግን ብዙው ክፍል የፊፍ ክርክር ነው። አንቀጽ 2 ወራሽ የሚከፍለውን ይገድባል፤ ለትልቅ መኳንንት 100 ፓውንድ፣ ለአንድ ናይት ፊፍ ቢበዛ 100 ሽልንግ፣ ማለትም 5 ፓውንድ። አንቀጽ 8 ባሏ የሞተባት ሴት ሳትፈልግ ባል አግቢ ተብላ እንዳትገደድ ይከለክላል። አንቀጽ 12 ንጉሡ ያለ መንግሥቱ ምክር የጋሻ ገንዘብ እንዳይጥል ያግዳል። ከመኳንንቱ ምንም ሳያማክር እርዳታ የሚጠይቅባቸው ሦስት ጊዜዎች ብቻ ተፈቀዱለት። ራሱ ሲማረክ ለማስለቀቂያ፣ የበኩር ልጁ ናይት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሴት ልጁን አንድ ጊዜ ሲድር።

ንጉሥ ሲከሰስ

መሬት ከአንድ ጌታ ብቻ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ቫሳል ግን ከሁለት፣ ከሦስት፣ ከአራት ጌታ ፊፍ ሊይዝ ይችላል። ጌቶቹ እርስ በርስ ቢጣሉስ? በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የቱል ዮሐንስ የሚባል ባለፊፍ በጽሑፍ ያስቀመጠው መልስ አለ። ለሻምፓኝ እመቤትና ለልጇ ታማኝ ነኝ ይላል፤ ለሌሎች ሦስት ጌቶች ያለበትን ታማኝነት ሳይነካ። ከሦስቱ አንዱ የግራንፕሬ ካውንት ነው። ካውንቱ በራሱ ጠብ ከሻምፓኞች ጋር ቢዋጋ ምን ያደርጋል? እሱ ራሱ ከካውንቱ ጎን ይሰለፋል። ለሻምፓኞች ግን በፊፉ ምክንያት የሚገባቸውን ፈረሰኞች ይልክላቸዋል። ማለትም የራሱ ፈረሰኞች በተቃራኒው ወገን ቆመው ሊገጥሙት ይችላሉ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ንጉሡ ከላይ፣ ገበሬው ከታች ሆኖ የሚሣለው ሦስት ማዕዘን ይህን አያሳይም። እውነተኛው ሥዕል የተወሳሰበ የሸረሪት ድር ይመስላል። ከማንም ያልተያዘ የግል መሬት የነበራቸው ሰዎችም ነበሩ፤ ልማዱም ከአገር አገር ይለያያል።

የዚህ ድር ትልቁ ቋጠሮ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። በእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ኖርማንዲንና ሌሎች ሰፊ ግዛቶችን የያዘው ግን ከፈረንሳይ ንጉሥ በፊፍ ነው። ባሕሩን ሲሻገር ቫሳል ይሆናል። በ1200 ንጉሥ ጆን ኢዛቤላ ዘአንጉሌምን አገባ። ልጅቱ ግን ለሉዚኞኑ ሂዩ ታጭታ ነበር። ሉዚኞኖች በምዕራብ ፈረንሳይ ባለችው በፖይቱ የጆን ቫሳሎች ናቸው። ጌታችን በደለን ብለው የጌታቸው ጌታ ወደሆነው ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት ሄዱ። ፊሊፕም በ1202 ጆንን ፓሪስ ላይ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ጠራው። ጆን አልቀረበም። ችሎቱ ከፈረንሳይ ንጉሥ የያዘውን መሬት ሁሉ ተነጥቋል ብሎ ፈረደ። ፊሊፕ ፍርዱን በጦር አስፈጸመ፤ በ1204 ኖርማንዲ ከጆን እጅ ወጣች።

እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን አድገናል። ፊፍ ግን ንጉሥ የሚከሰስበት በር ከፈተ። ጆን የተከሰሰው በዘውዱ አይደለም። የተከሰሰው እጁን በሌላ ሰው መዳፍ ውስጥ ያስገባ ቫሳል ስለሆነ ነው። ውሉ ግራ ቀኙን እኩል ስለሚይዝ ተበደልኩ ያለ ቫሳልም ታማኝነቱን በይፋ መልሶ መስጠት ይችላል። በግንቦት 1215 የእንግሊዝ አመፀኛ መኳንንት ለጆን ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በወሩ ራኒሚድ ሜዳ ላይ ማግና ካርታን በማኅተሙ አስጸደቁት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ጆን ከሮማው ፓፓ ኢኖሰንት 3ኛ ጋር ለመታረቅ ሲል እንግሊዝንና አየርላንድን ለፓፓው አስረክቦ በፊፍ መልሶ ተቀብሏቸው ነበር። ለዚህም በዓመት 1000 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) ሊከፍል ተስማምቷል።

እጁ ያልተያዘለት ሰው

እስካሁን ስለ ጌታና ስለ ቫሳል ነው ያወራነው። ፈረሱ የበላውን ገብስ ያመረተው ሰው ግን ስሙ አልተነሳም። ገበሬው የዚህ ውል ወገን አይደለም። እጁን በማንም መዳፍ ውስጥ አላስገባም። ፊፍ ሲሰጥ እሱ ከነቤተሰቡ የፊፉ አካል ሆኖ ይተላለፋል።

የእንግሊዝ «ቪሌን» የሚባለው ገበሬ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን እርሻ ያርሳል። ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍላል። ሲሞት ካሉት ከብቶች ምርጡ ይወሰዳል። እህሉን በጌታው ወፍጮ ያስፈጫል፤ ከዱቄቱም ይቀነስበታል። ጌታው መሬቱን ቢቀማው በንጉሡ ችሎት መክሰስ አይችልም። መኳንንቱ ያለ እኩዮቻቸው ፍርድ ላለመነጠቅ ሲሟገቱ፣ ለእሱ ያ በር ዝግ ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ጉልት ጋር ያለው ልዩነት ይታያል። በሰሜኑ አገራችን ባለጉልቱ የሚያገኘው ግብር የመሰብሰብና የማስተዳደር መብት ነበር። ገበሬው በዘር ሐረጉ የያዘው ርስት ግን የራሱ ነው። የጉልት ጫና ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። የገበሬው እግር የቆመበት ቦታ ግን የተለየ ነው። በ1381 ያመፁት የእንግሊዝ ገበሬዎች ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛን ያገኙት ጊዜ የጠየቁት ይህ ባርነት እንዲቀርና መሬት በኤከር በ4 ፔኒ እንዲከራይ ነበር። ንጉሡ እሺ ብሎ ደብዳቤ ሰጣቸው። አመፁ ሲበረድ ቃሉን ሻረ።

እንዴት አለቀ?

ፊፍን የገደለው አንድ አዋጅ አይደለም። መጀመሪያ ገንዘብ ገባበት። ዘመቻው በብር ሲተካ፣ ጦሩ ቅጥር ሲሆን፣ እጅ ለእጅ መያያዙ ባዶ ሥርዓት እየሆነ ሄደ። በ1290 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ሕግ መሬት ሲተላለፍ አዲስ የጌታና የቫሳል ሰንሰለት እንዳይፈጠር ከለከለ። ገዢው በሻጩ ቦታ ይተካል፣ በቃ። በ1660 ፓርላማው በወታደራዊ አገልግሎት መሬት መያዝን ከነአሳዳጊነት መብቱ ሰረዘ። ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ በድንገት ሆነ። በነሐሴ 1789፣ አብዮቱ በተነሳ ሰሞን፣ የብሔራዊ ጉባኤው አባላት በአንድ ሌሊት ስብሰባ የፊውዳል መብቶችን ጣሉ። ስኮትላንድ ደግሞ የመጨረሻውን የፊውዳል የመሬት ይዞታ ያስቀረችው በ2004 ነው።

አንድ ፊፍ ግን እስከ ዛሬ አለ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ሳርክ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በ1565 ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ኤልየ ደ ካርተሬ ለሚባል ሰው በፊፍ ሰጠችው። ግዴታው ደሴቷን ከባሕር ወንበዴ የሚጠብቁ 40 የታጠቁ ሰዎችን ማስፈር ነበር። የደሴቷ ምክር ቤት ሙሉ በሙሉ በምርጫ የሆነው በ2008 ነው። የደሴቷ ጌታ ግን ዛሬም «ሴኘር» ይባላል። ለእንግሊዝ ዘውድም የፊፉን ዓመታዊ ግብር፣ 1 ፓውንድ ከ79 ፔንስ፣ ይከፍላል።